አሁንም አለ፦ የቱሉ ዲምቱ ደብል አይፒኤ ማስታወሻ

ጥቅምት 2፣ እሑድ

የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ ሊመጣ ሲል «ምን ላምጣልህ?» ብሎ ደወለ። ሰው ጫማ ያዛል፤ ስልክ ያዛል። እኔ ሆፕ አዘዝኩ። ሳቀብኝ፤ ግን አመጣ። አምስት የታሸጉ ከረጢቶች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው 28 ግራም። አንድ ኮሎምበስ፣ ሁለት ሲምኮ፣ ሁለት ሲትራ። ሆፑ ተፈጭቶና ተጨምቆ የዶሮ መኖ መስሏል። አንድ ጣሳ አሜሪካ የተጠመቀ ደብል አይፒኤም ጨምሮልኛል። እሱን ፍሪጅ ውስጥ ከጎመኑ ጀርባ ደበቅኩት። ለዳኝነት ቀን ይፈለጋል።

ለማያውቅ ሰው፦ ሆፕ የቢራ ጌሾ ነው። የቅርብ ዝምድና የላቸውም። ጌሾ ቁጥቋጦ ነው፤ ቅጠሉንና እንጨቱን እንጠቀማለን። ሆፕ ሐረግ ነው፤ የሚፈለገው አበባው ነው። ሥራቸው ግን አንድ ነው፤ የብቅሉን ጣፋጭነት ልጓም ያስይዙታል። አይፒኤ ሆፕ የበዛበት ቢራ ነው። ደብል ሲባል ሆፑም ብቅሉም ከዚያ ይበልጣል፤ አልኮሉ ከ7.5 እስከ 10 በመቶ ይደርሳል። ግሮሰሪ የምንጠጣው ቢራ 5 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ ይሄ በጃምቦ የሚገለበጥ ነገር አይደለም።

አጀማመሩ ደስ ይለኛል። የመጀመሪያውን ደብል አይፒኤ የጠመቀው እ.ኤ.አ. በ1994 ቪኒ ሲሉርዞ ነው ይባላል፤ በካሊፎርኒያ፣ ቴሜኩላ በምትባል ከተማ፣ ብላይንድ ፒግ በሚባል ትንሽ ጠመቃ ቤት። ዕቃው ያረጀና የተለቃቀመ ነበር። ከዕቃው መጥፎ ጣዕም ቢመጣ እንዲሸፍንለት ብሎ ሆፑን እጥፍ አደረገው፤ ብቅሉንም በ30 በመቶ ገደማ ጨመረ። ይሄን ሳነብ ልቤ ረጋ። የእኔም መጥመቂያ ክዳኑ የተበሳ የፕላስቲክ ባልዲ ነው።

ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ

ብቅል ማግኘት ቀላል መስሎኝ ነበር። ገበያው ላይ የጠላ ብቅል ሞልቷል። አፍንጫዬን አስጠግቼ አሸተትኩ። አንዱ ጢስ ጢስ ይላል፤ ሌላው በደንብ አልበቀለም። ለጠላ ችግር የለውም፤ አሻሮው ይሸፍነዋል። እዚህ ግን ሆፑ እንዲሰማ ሌላው ዝም ማለት አለበት። በመጨረሻ በአንድ ወዳጄ በኩል 5 ኪሎ የቢራ ብቅል ተገኘ።

ወፍጮ ቤት ወሰድኩት። «እንደ ቂንጬ ሸርክትልኝ» አልኩት ባለ ወፍጮውን።

«ጠላ ነው?»

«ቢራ።»

«ቢራማ ግሮሰሪ አለልህ» አለና ሸረከተልኝ። ጥሩ አድርጎታል። ፍሬው ተሰብሯል፤ ገለባው አልደቀቀም። ዱቄት ቢሆን ኖሮ ነገ ድስት ሙሉ ሊጥ ነበር የሚጠብቀኝ።

ማታ ውሃ ላይ ተቀመጥኩ። አዲስ አበባ የምትጠጣው ሁለት ዓይነት ውሃ ነው። አንዱ ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች ይመጣል፤ ለስላሳ ነው። ሌላው አቃቂ ካሉት ጥልቅ ጉድጓዶች ይወጣል። እኛ ጋ የሚደርሰው የጉድጓዱ ነው። ማረጋገጫ ቢያስፈልግ የእኔን ማንቆርቆሪያ መክፈት ይበቃል፤ ውስጡ ኖራ የተቀባ ይመስላል። ይሄ ውሃው ውስጥ ያለው ባይካርቦኔት ሥራ ነው። ለሻይ ብዙም አይደለም። ለሆፕ ቢራ ግን ጠላት ነው፤ ምሬቱን ሻካራ ያደርገዋል። ዘዴው ውሃውን ቀድሞ አፍልቶ፣ አሳድሮ፣ ነጩ ሲዘቅጥ የላይ የላዩን መቅዳት ነው። 20 ሊትር ነበረኝ። 10 ሊትሩን አፈላሁ። ከዚያ ጋዝ አሳዘነኝ፤ ደከመኝም። ይመዝገብልኝ፦ ግማሹን ብቻ ነው ያፈላሁት።

ለእንደዚህ ዓይነት ቢራ ጂፕሰም የሚጨምሩ አሉ፤ ምሬቱን ጥርት ያደርገዋል። ጂፕሰም ያው ጀሶ ነው። ግን ግድግዳ የሚለሰንበትን ከረጢት ማንም ሰው ድስት ላይ እንዳይገለብጥ። ለምግብ የሚሆነው ለብቻው አለ። እኔ ስላላገኘሁ ተውኩት።

ጥቅምት 9፣ እሑድ

የጠመቃ ቀን።

3.2 ኪሎ ብቅል በአቡጀዲ ከረጢት አድርጌ 66 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ነከርኩ። ከረጢቱን የሰፈሩ ልብስ ሰፊ ነው የሰፋልኝ። አንድ ሰዓት ከሩብ ቆየ። ቤቱ የገንፎ ሽታ ሸተተ። ከረጢቱን አንጠልጥዬ አንጠፈጠፍኩት። እንደ እርጎ ከረጢት አልጨመቅኩትም፤ ትንሽ ግን ጫን አድርጌዋለሁ። 250 ግራም ስኳርም ገባ። ስኳር ማጭበርበር አይደለም። ደብል አይፒኤ ከብቅል ብቻ ከተሠራ ይወፍራል፤ ስኳሩ አልኮሉን ይሰጥና አካሉን ያቀለዋል።

ከዚያ ማፍላት። እዚህ ላይ የምንኖርበት ከፍታ ራሱ ይፈርድብናል። የሆፕ ምሬት ዝም ብሎ ሟሙቶ አይወጣም። አልፋ አሲድ የሚባለው ነገር ፈልቶ ፈልቶ ቅርጹን ሲቀይር ነው የሚመረው። ባሕር ዳርቻ ላይ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል። ቴርሞሜትሬ ቱሉ ዲምቱ ላይ 93 አለና ቆመ። እንፋሎቱ ያው ነው፤ መንተክተኩም ያው። ሥራው ግን ይዘገያል። ስለዚህ 60 ደቂቃ የሚለውን 90 አደረግኩት። 28 ግራሙን ኮሎምበስም በሙሉ መጀመሪያ ላይ ጨመርኩ። ለባሕር ጠለል የተሠራው ስሌት የምሬት መለኪያውን 80 ያደርሰዋል፤ ለዚህ ቢራ የሚፈለገው ከ60 እስከ 100 ነው። እዚህ ከዚያ እንደሚያንስ ግልጽ ነው።

በ50ኛው ደቂቃ ላይ ጋዙ አለቀ።

እሑድ ነው። ሲሊንደር የሚቀይርልኝ ሰው የለም። ኤሌክትሪክ ምድጃዬ ይሄን ድስት አይችልም። መስኮት ላይ ቆሜ ወደ ታች ሳይ ከኮሙናሉ ጢስ ይወጣል። ኮሙናል የምንለው የኮንዶሚኒየሙን የጋራ ማብሰያ ቤት ነው። ጢሱ የእትዬ ነው። እትዬ ምድር ቤት ነው የሚኖሩት፤ ለማኅበርም ለሠርግም ጠላ ይጠምቃሉ፤ ሰፈሩ ሁሉ እትዬ ነው የሚላቸው።

የድስቱን ክዳን በፎጣ አስረን፣ ከአክስቴ ልጅ ጋር ለሁለት ይዘን፣ ከሦስተኛ ፎቅ ወረድን። እያንዳንዱን ደረጃ ቆጥሬዋለሁ። እትዬ አሻሮ እየቆሉ ነበር። አንድ ነገር ሳይጠይቁ ምጣዳቸውን አወረዱና እሳቱን ለቀቁልን። የጠየቁት ድስቱ ከተጣደ በኋላ ነው።

«አንተ ልጅ፣ ይሄ የምን ሽታ ነው?»

«የቢራ ጌሾ ነው እትዬ።»

የሲምኮውን ከረጢት ከፍቼ ሰጠኋቸው። ቆንጠር አድርገው መዳፋቸው ላይ አሹት፣ አሸተቱት፣ ከዚያ እኔ ሳልከለክላቸው ምላሳቸው ላይ አደረጉት። ፊታቸው ተጨማደደ።

«ጥድ ነው! ጥድ እየበላችሁ ነው እንዴ?»

የሲምኮ ሆፕ መግለጫ ላይ ከሚጠቀሱት ቃላት አንዱ ጥድ ነው። አንድም ነገር አላነበቡም።

40 ደቂቃ ሲቀረው ጋዝ ያለቀበት ድስት ቀሪውን በእንጨት እሳት ፈላ። እስከ 80 ዲግሪ ሲወርድ 28 ግራም ሲምኮና 14 ግራም ሲትራ ጨመርኩ። ይሄ ለሽታ ነው። ሲፈላ የሚጨመር ሆፕ ሽታው ከእንፋሎቱ ጋር ይሄዳል። ከዚያ ድስቱን ሳፋ ውስጥ አስቀምጠን ውሃ ሦስት ጊዜ ቀየርንለት። የሮቶ ውሃ ነው፤ ፈረቃችን ነገ ነው፤ እናቴ ብታየኝ ኖሮ ትጮህብኝ ነበር።

ፈሳሹ ምን ያህል ስኳር እንደያዘ የሚለካው ሃይድሮሜትር 1.070 አለ። ያሰብኩት 1.074 ነበር። ይሁን። 10 ሊትር ባልዲ ውስጥ ገባ፤ 11.5 ግራም ደረቅ የቢራ እርሾ ተበተነበት።

እትዬ ጋቢ እንዳለብሰው መከሩኝ። ጠላ ብርድ አይወድም። የእኔ እርሾ ግን ራሱ ሙቀት ይፈጥራል፤ ከ22 ዲግሪ በላይ ከወጣ አልኮሉ አናት የሚመታ ይሆናል። ጋቢውን እኔ ለበስኩት።

ጥቅምት 12፣ ረቡዕ

ከክዳኑ የወጣው ቱቦ ውሃ የሞላ ጠርሙስ ውስጥ ብል ብል ይላል። ሌሊት ከእንቅልፌ ቀስቅሶኛል። ክፍሉ 19 ዲግሪ ነው። ሌላ የሚጻፍ የለም።

ጥቅምት 18፣ ማክሰኞ

ሃይድሮሜትሩ 1.014 ላይ ነው። ፍላቱ ስላበቃ 56 ግራም ሆፕ፣ ሲምኮና ሲትራ እኩል እኩል፣ ቀዝቃዛው ቢራ ላይ በተንኩ። ክዳኑን ስከፍት ቤቱ ማንጎ ማንጎ ሸተተ። ከሲትራው 14 ግራም ተረፈኝ፤ አሽጌ ፍሪዘር ውስጥ ከተትኩት። በሁለት ሦስት ቀን ላወጣው ነበር። ሥራ በዛና ለእሑድ አደረግኩት።

ጥቅምት 23፣ እሑድ

1.012። አልኮሉ 7.6 በመቶ ወጣ። በደብል አይፒኤ በር በጠባቡ ገባን።

25 ጠርሙስ ሆነ። ሁሉም ቡናማ ነው። ሆፕ ያለበት ቢራ ብርሃን ሲያገኘው ይገማል፤ ቡናማው ጠርሙስ ይከላከልለታል። ለጋዙ 50 ግራም ስኳር በትንሽ ውሃ አፍልቼ ደባለቅኩ። ቆርኪውን የመታሁት የአክስቴ ልጅ ባመጣው የእጅ መምቻ ነው። ሲጠናቀቅ መዳፌ ላይ ቀይ ክብ ቀርቶ ነበር። ሁሉንም ቁም ሳጥን ውስጥ ደረደርኩ።

ኅዳር 7፣ እሑድ

የመጀመሪያው ጠርሙስ። ቀኑን ሙሉ እጄን ሰብስቤ ቆየሁ።

የዳኝነቱ ወረቀት ቢጄሲፒ የሚባለው የአሜሪካ የቢራ ዳኞች ድርጅት የሚጠቀምበት ነው። ከ50 ነው የሚታረመው። መዓዛ 12፣ መልክ 3፣ ጣዕም 20፣ የአፍ ስሜት 5፣ አጠቃላይ 10። መልክ 3 ብቻ መሆኑ ገርሞኝ ነበር። ጠጅ ቤት ቢሆን ብርሌውን ወደ ብርሃን አንስተው መጀመሪያ የሚያዩት መልኩን ነው።

መግለጫዎቹ ግን ለእኛ አይሆኑም። ፓሽን ፍሩት፣ ላይቺ፣ ምናምን ይላል። ስለዚህ የራሴን ቃላት ወረቀቱ ጠርዝ ላይ ጻፍኩ፦ የብርቱካን ልጣጭ፣ የበሰለ ማንጎ፣ ዘይቱን፣ ጠጅ ሳር፣ ጥድ፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ጤና አዳም። ለመጥፎዎቹም እንዲሁ፦ እርጥብ ካርቶን፣ የተቀቀለ ጎመን፣ የገማ ቅቤ፣ ኮምጣጤ፣ የታጨደ ሣር።

ብርሌ ሞከርኩ። አንገቱ ሽታውን ይሰበስባል ብዬ ነው። ይሰበስባል፤ ግን አፍንጫ አይገባበትም። የወይን ብርጭቆ አመጣሁና አንድ ሦስተኛውን ብቻ ሞላሁ። ከፍሪጅ ካወጣሁት በኋላ 20 ደቂቃ ጠበቅኩት። በጣም የቀዘቀዘ ቢራ ጠረኑን ይደብቃል።

ወርቃማ፣ ትንሽ ደፈርስ ያለ። ነጭ አረፋው ቶሎ አይወርድም፤ የብርጭቆው ግድግዳ ላይ መስመር እየተወ ነው የሚወርደው። ሽታው ማንጎና ጥድ። ከዚያ ጉንጭ ሙሉ። መጀመሪያ የብቅል ጣፋጭነት፣ ወዲያው የብርቱካን ልጣጭ፣ ከዚያ ምሬት። መዓዛ 10፣ መልክ 3፣ ጣዕም 15፣ የአፍ ስሜት 3፣ አጠቃላይ 7። ድምር 38። ወረቀቱ ላይ «ምርጥ» ከሚባለው ጎራ ውስጥ ይገባል።

ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱም። ስለዚህ ዓይን ሸፍኖ መዳኘት ያስፈልጋል። አሥራ ሁለቱን ጠርሙስ ወደ ፍሪጅ አዛወርኩ። የቀሩት ቁም ሳጥን ውስጥ ይቆዩ።

ኅዳር 12፣ ዓርብ

ሚካኤል ስለሆነ ጎረቤት ሁሉ ቤቱ ነው፤ ቅምሻውን ለዛሬ ቀጥሬው ነበር። ኅዳር ሲታጠን መሆኑን ረስቼዋለሁ። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ሰዉን ከጨረሰ ወዲህ በዚህ ቀን ቆሻሻ ተጠርጎ ይቃጠላል። ከጠዋት ጀምሮ ከሁሉም ብሎክ ጢስ ይነሳል። የፍጥነት መንገዱ መግቢያ እንኳን ከእኛ መስኮት አይታይም። ብርጭቆ አፍንጫዬ ስር ባስጠጋ የሚሸተኝ የተቃጠለ ላስቲክ ብቻ ነው። ለእሑድ ተላለፈ።

ኅዳር 14፣ እሑድ

ነገ ጾም ይገባል፤ ዛሬ ቅበላ ነው። ሰዎች እምቢ የማይሉበት ቀን መርጫለሁ።

ዳኞቹ እኔ፣ እትዬ፣ ሁለተኛ ፎቅ ያሉት ጡረታ የወጡ መምህር ጋሼና የአክስቴ ልጅ ነን። የአክስቴ ልጅ ቀጂ ስለሆነ ነጥቡ አይቆጠርም። ኩሽና ውስጥ ሆኖ ቀድቶ፣ ሀ፣ ለ፣ ሐ ብሎ ያመጣል። አንዱ የእኔ ነው፣ አንዱ ያ የአሜሪካ ጣሳ፣ አንዱ ከሱቅ የገዛነው ተራ ላገር፣ ያ ግሮሰሪ የምንጠጣው ዓይነት ቢራ። የትኛው የትኛው እንደሆነ ለእኔም አይነገረኝም።

እትዬ ቡና ሊያፈሉ እጣን ይዘው መጥተው ነበር። በስንት ልመና ቡናው ከቅምሻው በኋላ ሆነ። ጠረጴዛው ላይ ዳቦና ውሃ ብቻ ቀረበ። ጋሼ «ጥብስ የሌለው ቅበላ» ብለው አጉረመረሙ።

ሐ ላይ ማንም አልተሳሳተም። ላገሩ ነው። ጋሼ 45 ሰጡት። «ቢራ ማለት ይሄ ነው። ሌሎቹ ኮሶ ናቸው።» የሚዳኘው ደብል አይፒኤ ስለሆነ ላገር እንደ ዓይነቱ ነጥብ እንደማያገኝ አስረዳሁ። «ስለዚህ ጥሩ ቢራ ጥሩ ስለሆነ ይቀጣል?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። በውስጤ ግን የጋሼን ወረቀት አጥፌ አስቀመጥኩት፤ በኮሶ የታረመ ነውና።

ሀ እና ለ ላይ ረጅም ጊዜ ፈጀሁ። ሀ ጥሩ ሽታ አለው፤ ምሬቱ ግን ሻካራ ነው፤ መጨረሻው ላይ የታጨደ ሣር ይመጣል። የጣሳው ነው ብዬ ወሰንኩ፤ መንገድ ላይ ተንገላቷል። 31 ሰጠሁት። ለ ለስለስ ያለ ነው፤ ወደ ካራሜል ያደላል፤ ሽታው ደካማ ነው። 29 ሰጠሁት። የእኔ ይሄ ከሆነ አዝናለሁ አልኩ።

የአክስቴ ልጅ ሳቀ። ሀ የእኔ ነበር።

አንድ ሳምንት ሙሉ 38 እያልኩ ያወራሁለት ቢራ፣ ማን እንደሆነ ሳላውቅ ሲመጣብኝ 31 ሆነ። ሰባቱን ነጥብ የሰጠሁት ለባለቤቱ ነው ማለት ነው። የጣሳው ድክመትም ምክንያት ነበረው። ታችኛው ላይ የታተመውን ቀን አየነው፤ አምስት ወሩ ነው። ደብል አይፒኤ እንደ አረቄ ሲቆይ የሚሻል መጠጥ አይደለም። ሽታው ከሁሉ ቀድሞ ይሄዳል። ካሊፎርኒያ ትኩሱን ብንቀምሰው ሌላ ቢራ በሆነ ነበር፤ ስለዚህ አሸነፍኩ ብዬ አላወራም።

እትዬ እስካሁን አንድ ቁጥር አልጻፉም። ወረቀቱን ከብርጭቆው ስር አንጥፈውታል። ሀን አንድ ጊዜ ጎንጨት አደረጉ። ዋጡ። ዝም አሉ። ዳቦ አልነኩም፤ ውሃ አልነኩም። እኔ ማስረዳት ጀመርኩ። በእጃቸው አስቆሙኝ።

ትንሽ ቆይተው «አሁንም አለ» አሉ።

«ምኑ እትዬ?»

«ምሬቱ። ዋጥኩት እኮ። ለምን አይሄድም?»

እንደገና የሚጠጡ መሰለኝ። አልጠጡም። ጠበቁ። አፋቸውን በምላሳቸው እየዳሰሱ፣ ዓይናቸውን ግድግዳው ላይ ተክለው ጠበቁ። ጋሼ እንኳን ዝም አሉ። ከዚያ ብርጭቆውን በአንድ ጣት ገፋ አደረጉት።

«መምረሩ አይደለም ችግሩ። ጠላም ይመራል። ጌሾ ሲዋጥ ግን መልቀቅ አለበት። ለቆ ደግሞ ሌላ ጉንጭ ማስፈለግ አለበት። ይሄ ጉሮሮ ይከረክራል። እንጨቱን ስንት ቀን አቆየኸው?»

«እንጨት የለውም፤ አበባ ነው።»

«አበባውንስ ስንት ቀን?»

«አምስት።»

ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። ሌላ ነገር አልተናገሩም። ተነስተው የሚካኤልን ጠላ ከቤታቸው አመጡ። ጣሳው ገና ሳይቀርብ የወይራ ጢስ ሸተተኝ፤ እንስራውን ያጠኑበት ነው። ጎንጨት አልኩ። ጢስ፣ የተቆላ ገብስ፣ ትንሽ ኮምጠጥ፣ ከዚያ የጌሾው ምሬት መጣ። ዋጥኩና እንደሳቸው ጠበቅኩ። መጣ፤ ቆመ፤ ሄደ። አፌ ባዶ ሆነ። እጄ ራሱ ጣሳው ጋ ተመለሰ።

ኅዳር 16፣ ማክሰኞ

ሁለት ቀን ስብሰለሰል ቆየሁ። እትዬ ትክክል ናቸው። ቀዝቃዛ ቢራ ላይ የሚበተን ሆፕ የሚፈለገውን ሽታ በአንድ በሁለት ቀን ሰጥቶ ይጨርሳል። ከዚያ በኋላ የሚወጣው ከቅጠሉ ነው፤ ሣር ሣር የሚለውና ምላስ የሚይዘው። እሑድ ላወጣው ስል አምስት ቀን ዘፈዘፍኩት። ያ ብቻም አይደለም። ያላፈላሁት ግማሽ ውሃ አለ። ጫን ያደረግኩት የአቡጀዲ ከረጢት አለ። ሦስቱም ወደ አንድ ቦታ ይመጣሉ፤ ጉሮሮ ላይ።

የሲሉርዞን ታሪክ ሳነብ ሆፕ ሁሉን ይሸፍናል ብዬ ነበር ልቤ የረጋው። የዕቃ ጥፋት ይሸፍን ይሆናል። ሆፑ ራሱ ሲያጠፋ ግን የሚሸፍነው የለም።

ወረቀቴ ላይ አንድ መስመር ጨመርኩ። ነጥብ የለውም። «ከዋጡ በኋላ ስንት ጊዜ ይቆያል?» ይላል። ዛሬ ማታ በስልኬ ሰዓት ለካሁት። አንድ ደቂቃ ካለፈ በኋላም ምላሴ ሥር አለ።

ኅዳር 28፣ እሑድ

የፍሪጁንና የቁም ሳጥኑን ጠርሙስ ማስተያየት ቀረኝ ነበር። ሦስት ብርጭቆ ይቀዳል፤ ሁለቱ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ልዩውን ማግኘት ነው። በግምት ከሦስት አንዱን ማንም ያገኛል። ስድስት ዙር በሁለት ምሽት ሞከርኩ፤ በየዙሩ ጉንጭ ጉንጭ ብቻ። አምስቱን አገኘሁ። ልዩነቱ ያፈጠጠ ነው። በሦስት ሳምንት ውስጥ የቁም ሳጥኑ ማንጎውን ጥሎ ወደ ካራሜልና እርጥብ ካርቶን ሄዷል። ያ የአሜሪካ ጣሳ የሆነውን መሆን ጀምሯል። ስሞላ አየር አስገብቼበታለሁ፤ ሙቀቱ ደግሞ አፋጠነው። የፍሪጁ አሁንም ይሸታል። የሚገርመው ሻካራው ምሬት በሁለቱም ቀለል ብሏል፤ ከታች ዝቃጩ ጋር አብሮ ሳይወርድ አልቀረም።

ሁለተኛ ዙር ሆፕ እስኪመጣ ይጠብቃል። የቀረኝ ያ 14 ግራም ሲትራ ብቻ ነበር። ለጽዮን ጠላ ሲጠምቁ ለእትዬ ሰጠኋቸው። አምስት ሊትር ጀሪካን ለይተው ሞክረውታል።

ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በሬን አንኳኩ። በአንድ እጃቸው ጣሳ፣ በሌላው ያ ከብርጭቆ ስር ያነጠፉት ወረቀት አለ። የብርጭቆው ክብ እርጥበት አሁንም ይታይበታል።

«ስንት ቀን አቆዩት?» አልኳቸው።

«አንድ ሌሊት። በል ጻፍ።»

አሸተትኩ። ወይራ ጢስ፣ ከጢሱ በላይ የሎሚ ልጣጭና ዘይቱን። አብረው ይሄዳሉ ብዬ አልገመትኩም ነበር። መዓዛ ላይ 9 ጻፍኩ። መልክ ላይ 2፤ ጉሽ ነው። ጎንጨት አልኩና ዋጥኩ።

እትዬ በሩ ላይ ቆመው ያዩኛል።

«ይለቃል?»

ጣሳውን አስቀምጬ መጠበቅ ጀመርኩ።